ጢሱ ስንት ነጥብ ያገኛል?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ይብሰኛል። ደመናው ነው ልበል ወይስ ቅዳሜነቱ፣ እንጃ። ማታ ቢራ የምንቀምሰው ጓደኞቼ መጡ፤ ባለጢሙ የነጥብ መስጫ ቅጾቹን አትሞ፣ ሐኪሟ ብርጭቆዎቿን በካርቶን ተሸክማ። ሦስተኛውን መጥቀስ አያስፈልግም፣ እሱ ሁሌም ባዶ እጁን ነው። ሆድ ባሰም አልባሰም የቢራ ቅምሻ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓት በማጥበቅ ደግሞ ማን እንደሚታማ ታውቃላችሁ።

አንድ ባለ 355 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። ይበቃል። ሁለት ጊዜ ይሸተታል፣ ሦስት አራቴ ይጎነጫል፣ የቀረው ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ለማየት ይቀመጣል። በአንድ ማታ ከስድስት ከሰባት ዓይነት በላይ መደርደር ራስን ማታለል ነው፤ መጀመሪያ ምላስ ይሰንፋል፣ ቀጥሎ ጭንቅላት። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ከባድ ነው። ፈካ ያለው ፒልስነር ይቀድማል፣ የስንዴው ይከተላል፣ ከዚያ ፔል ኤል፣ ከዚያ መራራው አይፒኤ፣ ጥቁሩ ስታውት መጨረሻ። አይፒኤን ያስቀደመ ሰው ፒልስነሩን ገደለው ማለት ነው። ቢራን መራራ የሚያደርገው የሆፕስ አበባ ምሬቱ ምላስ ላይ ስለሚቆይ ተከታዩ ቢራ ውሃ ውሃ ይላል።

ከፍሪጅ እንደወጣም አይቀዳም። ፒልስነር ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፔል ኤልና አይፒኤ ከ7 እስከ 10፣ ስታውት ከ10 እስከ 13 ቢሆን ጥሩ ነው። ብርድ ሽታን ያፍናል፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። በረዶ የሠራ ብርጭቆ የሚያቀርብ ቤት አንድም አያውቅም፣ አንድም የሚደብቀው ነገር አለው። ቆርቆሮው ሥር የታተመውን ቀን ማየትም ግድ ነው። አይፒኤ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከታሸገ ሦስት ወር ያለፈው መዓዛው ረግፎ ምሬቱ ብቻውን ይቀራል። ባለጢሙ ይህን አሳምሮ ያውቃል፣ ግን የቅናሽ ዋጋ ካየ ልቡ አይችልም።

ብርጭቆው ንጹሕ መሆኑ በዓይን አይታወቅም። ውስጡን በውሃ አርጥቦ መገልበጥ ነው፤ ውሃው አንድ ሆኖ ከተንሸራተተ ንጹሕ ነው፣ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከቀረ ቅባት አለበት። ቢራ ከተቀዳ በኋላም ይታወቃል። ፊኛዎቹ ብርጭቆው ጎን ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ቆሻሻ ይዘዋል። አረፋው ደግሞ በተጎነጩ ቁጥር ጥለት እየሠራ ከወረደ ደህና ታጥቧል።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ዳቦና ውሃ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቡና አይፈላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሽቶ የተቀባ በር አጠገብ ይቀመጣል። ሚጥሚጣ ያለው ነገር ፈጽሞ አይነካም፣ የአልኮሉንም የጋዙንም ማቃጠል ያጋንናል። ባዶ እጁን የመጣው «ግብዣ ነው ሱባኤ?» አለ። ለሱ ቅጽ አልተሰጠውም ነበር፣ እንዲህ እያለ ነው የቀመሰው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ቃል አይተነፈስም። ከአንድ አፍ «ሙዝ ሙዝ ይላል» የሚል ከወጣ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ሙዝ የማያሸት አፍንጫ አይገኝም። ብዙ ሰው ምላሱን የሚያምነውን ያህል የጎረቤቱን ምላስ ያምናል።

ቅጹ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የቢራ ዳኞች ማኅበር የሚሠራበት ነው፤ ከ50 ይያዛል። ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ 10። መልክ ሦስት ብቻ መሆኗ ደስ ይለኛል። ከነጥቡ ይልቅ ግን የሚጠቅመው ጥፋቱን ከነምክንያቱ መጻፍ ነው። ቅቤ ቅቤ ካለ እርሾ የሚያወጣው ዲያሴቲል ነው፤ ጠማቂው ቸኩሎ እርሾው የጀመረውን ሳይጨርስ አቀዝቅዞታል፣ መጨረሻው ላይ ሙቀቱን ወደ 18 ወይም 20 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሁለት ቀን ቢታገሥ ይጠፋ ነበር። የተቀቀለ በቆሎ ከሸተተ ሲፈላ ተከድኗል ወይም ቶሎ አልቀዘቀዘም። እርጥብ ካርቶን ካለ ኦክስጅን ገብቶበት አርጅቷል። አረንጓዴ ፖም ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ከጋኑ ሳይበስል ወጥቷል።

ጋን አልኩ እንዴ? ታንከር ለማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው። ባለጢሙ ስታውቱን ትቶ ከጀርመኗ ባምበርግ የመጣ ጢስ ቢራ ከፈተ፣ ሽሌንከርላ የሚባለውን፣ ብቅሉ በቢች እንጨት እሳት የሚደርቀውን። ሐኪሟ አሸተተችና ብዕሯን አስቀመጠች። ደንቡን አፍርሳ «የጋን ጢስ» አለች። ማንም አልተቆጣትም። እኔም ከዚያ ወዲያ ነጥብ አልሰጠሁም።

ልዩነቱ ይገባኛል። ባምበርግ ጢሱ ብቅሉ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ ዕቃው ውስጥ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ተጥሎ ጢሱ ሲንቦለቦል አፉ ይደፋበታል። ሸክላ ጢስ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ለጠላው ይመልሳል። የቢራው ጢስ ፊት ለፊት ይመጣል፣ እንደ ቋንጣ። የጠላው ጢስ ግን ከዋጡት በኋላ ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ ይወጣል። ይህን የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው የምጽፈው? ሽታ ነው ጣዕም?

ሌላውም እንዲሁ ነው። ጥንስሱ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና ውሃ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ የተፈጨ ብቅልና ጠቆር ተደርጎ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል። እንኩሮው ይከተላል፤ ዱቄቱ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ቡናማ እስኪሆን የሚታመሰው፣ ስታውትን የሚያጠቁረው የተቆላ ገብስ የሚሠራውን ሥራ የሚሠራልን እሱ ነው። የጌሾ እንጨቱም ይጨመራል። ድፍድፉ አንድ ሳምንት ያህል ከበሰለ በኋላ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል።

ሰው የሚሳሳተው የት እንደሆነ ለማወቅ ኬሚስት መሆን አይጠይቅም። እንኩሮው ሳይበርድ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፣ የብቅሉንም ጉልበት ያጠፋል። ብቅል ከተቆጠበ ስታርቹ ወደ ስኳር አይለወጥም። እንኩሮው በእሳት ያለፈ ስለሆነ የራሱ ኢንዛይም የለውም፣ የብቅሉን ነው የሚጠብቀው፤ ሳያገኝ ሲቀር ጠላው ወፍራም ሆኖ አቅም ያጣል። ጌሾ ከበዛ ምሬቱ ምላስ ያስራል። ጌሾ ካነሰ ደግሞ ባክቴሪያው ይፈነጫል፣ ምክንያቱም ጌሾ እንደ ሆፕስ ሁሉ መምረር ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ሥራው ነው። ምርጊቱ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ኮምጣጤ ይሆናል። ኮምጣጤውን ከተገቢው ጎምዛዛነት መለየት ግን ይቻላል። የላክቲክ አሲዱ ጎምዛዛ እንደ እርጎ ምላስ ላይ ይቀራል፣ ኮምጣጤው አፍንጫ ይወጋል። የመጀመሪያው ባሕርይ ነው፣ ሁለተኛው ጥፋት።

እዚህ አሜሪካ የሚጠመቀው ጠላ ለምን መድኃኒት መድኃኒት እንደሚል ስትጠይቁኝ የነበራችሁ፣ መልሱ ከቧንቧው ነው የሚጀምረው። የዋሽንግተን ውሃ ዓመቱን በአብዛኛው በክሎራሚን፣ ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ በሚሠራው፣ ነው የሚታከመው። ክሎሪን ጢስ ውስጥ ካለው ፌኖል ከሚባል ነገር ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል ይወጣል፣ የቁስል ፕላስተር የሚሸት፣ በጥቂቱም የሚታወቅ። ክሎሪን ብቻውን ቢሆን ውሃውን ማፍላት ያባርረው ነበር፣ ክሎራሚን ግን በማፍላት በቀላሉ አይሄድም። የቤት ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት የካምደን ክኒን አለ፤ ለ20 ሊትር ሩብ ክኒን ተፈጭቶ ሲበተን በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። ሌላው ችግር ድስቱ ነው። የማይዝግ ብረት ጢስ አይጠጣም፤ ቢያጥኑትም ላዩ ላይ ትንሽ ይቀመጥና የመጀመሪያው ውሃ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ጢሱን ያበዛዋል፣ ሲያበዛው ደግሞ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል። የፕላስቲኩን ባልዲ ባልጠቅሰው ይሻላል።

ወደ ቅጹ ልመለስ። ቅጹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቢራው የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ነው፣ ከዚያ ለዓይነቱ ታማኝ መሆኑን ይመዝናል። ጠላ ላይ ምን ብዬ ልሙላ? ጉሹን ከጠለለው ጋር አንድ ላይ ላስቀምጠው? ከገብስ የሚጠመቀው የጎንደሩ ኮረፌ የት ይግባ? ውሃ ተደግሞበት የወጣው ቅራሪስ? ቅራሪን ስለ ቀጠነ ነጥብ ብቀንስበት በማን ፈረድኩ፣ መጠኑ እኮ ነው። ድፍርስነት ለአንዱ ጥፋት፣ ለሌላው ማንነት ነው፤ ጢስም፣ ጎምዛዛነትም እንደዚያው። ሦስቱንም ፒልስነር ላይ ባገኛቸው ከ20 በታች ነበር የምሰጠው።

ደግሞስ ጠላን ማን ገምግሞት ያውቃል? ቀጂዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፣ ክፉ ነገር እንደሌለው ለማሳየት። ከዚያ በኋላ የእንግዳው ፍርድ አንድ ብቻ ነው፣ ዋንጫውን መልሶ መዘርጋት ወይም በእጅ መክደን። «እትዬ፣ የመካከለኛው ጣዕም ትንሽ ጎደለው፣ አጨራረሱ ግን ጥሩ ነው» ያለ ሰው ሁለተኛ የሚጠራበት ድግስ አይኖርም። ጠማቂዋ የዕቃዋን ዕድሜ፣ የጌሾዋን እጅ፣ የምርጊቷን ነገር ሁሉ ያወቀችው ሌላ ሰው ነጥብ ሰጥቷት አይደለም። ወይስ ነጥቡ ነበረ፣ እኛ ነን ያልሰማነው? ጎረቤት ለጎረቤት፣ ማሕበር ላይ፣ በሹክሹክታ?

ጓደኞቼ ከሄዱ ቆይተዋል። ስታውቱ ሳይከፈት ቀረ፣ የባምበርጉ ቅጽ ላይም «ለአጠቃላይ» የሚለው ባዶ ነው። እኔ ማስመሪያ ይዤ የጠላ ቅጽ እያሰመርኩ ነው። ለጢስ 10፣ ለጌሾ 12፣ ለእንኩሮ ቀለም 5 ብያለሁ። ቤቴ ውስጥ ጋን የለም፣ ድፍድፍ የለም፣ ዳኛ ብቻ ነው ያለው። ለምርጊትስ ስንት ልስጠው?