ፈተል ክፍል ውስጥ የተሳልኩት ስለት

የቁልቢው ገብርኤል ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብሞት ይቆጨኛል።

1969 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈተል ክፍል እሠራ ነበር። በሐምሌ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። የጅቡቲው ባቡር መስመሩ ተመትቶ ቆሟል። ከክፍላችን ወንዶቹ ሲዘምቱ ማሽናቸውን እኛ ሴቶቹ ተረከብን። ታናሽ ወንድሜም ሚሊሺያ ሆኖ ሄደ። ለእናቴ ያለው አንድ ወንድ ልጅ እሱ ነው።

ከፈረቃ ስንወጣ ቀበሌ ገብተን ለዘማቹ በሶና ቆሎ እናዘጋጃለን። እጄ ገብስ ያምሳል፣ ልቤ እሱ ጋ ነው።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ጦርነቱ ድሬ ደጃፍ ደረሰ። እማዬን አቅፌ ውዳሴ ማርያም ስደግም ዋልኩ። እመቤቴ ትመስገን፣ ከተማዋ አልተያዘችም። መስከረም ላይ ግን ጅጅጋ ተያዘች። ወንድሜ በዚያ ግድም ነበር። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም።

አንድ ሌሊት የተበጠሰ ክር እየቀጠልኩ ነበር። ፈተል ክፍል የሠራ ያውቀዋል፤ አጠገብ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም። የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ይሄ ክር አቡጀዲ ይሆናል። አቡጀዲ ደግሞ መግነዝ ይሆናል። ጉልበቴ ከዳኝ። ድምፄን ለቅቄ ጮህኩ።

«ገብርኤል! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ወንድሜን አውጣልኝ! ዣንጥላ ይዤ በባዶ እግሬ እመጣልሃለሁ!»

ጎኔ ያለችው ሴት ቀና እንኳ አላለችም። እሱ ግን ሰማኝ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ከተማው እልል ሲል እኔ እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የእኔን ወንድም አየሁት ያለ ሰው የለማ!

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን ዘበኛው «ሰው ይፈልግሻል» ብሎ ላከብኝ። ጥጡን ከራሴ ሳላራግፍ ወጣሁ። ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግራ ክንዱ በፋሻ ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ሴቶቹ ናቸው ደግፈው ያስገቡኝ።

ለ1971 ዓ.ም. የታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚወስደውን የድንገጎን ዳገት አብረን ወጣነው፤ እኔ እንደተሳልኩት በባዶ እግሬ። ጫማህን አድርግ ብለው እሱም እምቢ አለኝ። ቁልቢ ስንደርስ ዣንጥላውን በደህናው እጁ ይዞ ራሱ አስገባው።