በትንሽ ካፒታል ኦንላይን ለመሸጥ፦ ከግዢ በፊት የሚሠራ ሂሳብ

በትንሽ ገንዘብ የኦንላይን ሽያጭ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ገዢ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ነው። በእኔ ግምት ግን አነስተኛ ካፒታል ይዞ የተነሣን ሻጭ ቶሎ ከገበያ የሚያስወጣው ያለችው ጥቂት ገንዘብ በማይንቀሳቀስ ዕቃ ላይ ስትታሰር ነው።

ስለዚህ ከግዢው በፊት ሂሳቡ ይቅደም። በ8 ዶላር የተገዛ ዕቃ በአማዞን የአሜሪካ ገበያ በ20 ዶላር ቢሸጥ፣ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው 12 ዶላር የተረፈ ይመስላል። ነገር ግን አማዞን በአብዛኞቹ የዕቃ ዓይነቶች ላይ 15 በመቶ ኮሚሽን ስለሚወስድ 3 ዶላር ይሄዳል፤ ወርሃዊ ክፍያ የማይከፍል ሻጭ ደግሞ በእያንዳንዱ ሽያጭ 99 ሳንቲም ይጨምራል። ማጓጓዣው 5፣ ካርቶኑና ፕላስተሩ 1 ዶላር ከወሰዱ፣ በእጅ የሚቀረው 2 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናል። አንድ ገዢ ዕቃውን ቢመልስና የመመለሻውን ወጪ ሻጩ ቢችል፣ የደርሶ መልሱ ማጓጓዣ ብቻውን የአምስት ሽያጭ ትርፍ ይበላል። ወርሃዊው ክፍያ 39.99 ዶላር በመሆኑ በወር ከ40 ዕቃ በላይ ለማይሸጥ ሰው በየሽያጩ መክፈሉ ይሻለዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሸወዱት በማጓጓዣው ላይ ነው። ዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ከሚዛኑ በተጨማሪ ካርቶኑ የሚይዘውን ቦታ ያሰላሉ፤ ብዙዎቹ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉና፣ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ያስከፍላሉ። በ40 በ40 በ20 ሴንቲሜትር ካርቶን የታሸገ የሶፋ ትራስ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ባይሞላም፣ የሚከፈልበት እንደ 6.4 ኪሎ ተቆጥሮ ነው። ትራስ መሸጥ ነውር የለውም፤ ካፒታሉ ትንሽ ለሆነ ሰው ግን ትንሽ፣ ጠንካራና በቀላሉ የማይሰበር ዕቃ ይመረጣል። ልብስና ጫማ በልክ አለመስማማት ምክንያት የመመለስ ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ ለመጀመሪያው ዙር ባይሆኑ እላለሁ።

የሚሸጠውን ዕቃ ለመምረጥ ሌሎች ሻጮች የለጠፉትን ዋጋ ማየት ብዙም አይጠቅምም፤ ማንም የፈለገውን ዋጋ መለጠፍ ይችላልና። ኢቤይ በተባለው የኦንላይን ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። በዚያ ተመሳሳይ ዕቃ በምን ያህል ዋጋና በየስንት ቀኑ እንደተሸጠ ማየት፣ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ የገበያ ጥናት ነው።

ቤት ውስጥ ያለ አገልግሎት የተቀመጠ ዕቃም ጥሩ መነሻ ነው፤ ለመግዣ የሚወጣ ገንዘብ የለውምና። ፒየር ኦሚድያር በ1995 እ.ኤ.አ. በመሠረተው ኢቤይ ላይ መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ሲሆን፣ ዋጋውም 14.83 ዶላር ነበር። የዕቃው ጉድለት በግልጽ ተጽፎና በቅርበት ፎቶ ተነሥቶ ከቀረበ ገዢ አይታጣም፤ የተደበቀ ጉድለት ግን ተመላሽ ዕቃና መጥፎ አስተያየት ያመጣል። የእጅ ሥራ ያለው ሰው የእጅ ሥራ ውጤቶች የሚሸጡበትን ኤትሲ የተባለ የኦንላይን ገበያ ይመልከት፤ እዚያ አንድን ዕቃ ለአራት ወር ለመለጠፍ 20 ሳንቲም፣ ሲሸጥ ደግሞ የማጓጓዣውን ክፍያ ጨምሮ 6.5 በመቶ ይከፈላል።

የሽያጩ ገንዘብም ወዲያው እጅ አይገባም። ኢቤይ የአዲስ ሻጭን ገንዘብ እስከ 30 ቀን ሊይዝ ይችላል፤ በዚህ መካከል ግን ማጓጓዣው መከፈል፣ ዕቃውም መላክ አለበት። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ግዢ ከካፒታሉ ግማሽ ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ቀሪው ለማጓጓዣ፣ ለተመላሽ ዕቃና ፈጥኖ ያለቀውን መልሶ ለመግዛት ይቆያል።