ሻይ ከሆነ ሻይ ይምሰል

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ፣ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቴ አሥራ አራት ሰው ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ነበር። ጠጁን የጣልኩት ራሴ ነኝ፤ ጥሩ ወጥቶልኝ ሁሉም አመስግኖኛል። መጠጥ ካቆመ ሁለት ዓመት ለሆነው ታናሽ ወንድሜ ግን ያቀረብኩለት ለልጆቹ ከገዛሁት ለስላሳ አንዱን ነው። ተቀብሎ አመሰገነ፣ ጥቂት ጠጣ፣ ትንሽ ቆይቶም ተነሥቶ ልጆቹ ወደሚጫወቱበት ክፍል ገባ። እኔ ለማቆም የታገለውን ትግል ከማንም በላይ የማውቅ እህቱ፣ አክፋዩን ሁሉ ሳስብ ሁለት ወር የደከምኩ ሰው፣ ለእሱ አንድ ብርጭቆ አላሰብኩም ነበር። ያን ዕለት ማታ ዕቃ ሳጥብ ዕንባዬ መጣ። የሚቀጥለው ፋሲካ እንዲህ እንደማያልፍ፣ ለእሱም አልኮል የሌለበት ቀዝቃዛ የሻይ መጠጥ እንደምሠራለት ለራሴ ቃል ገባሁ።

የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ስለነበር ሥራዬን የጀመርኩት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። 55 ቀን ነበረኝ፤ ሻይ ደግሞ የጾም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እየቀመስኩ መሞከር እችላለሁ። በልጅነቴ ጸደይ ሲባል የሚታየኝ አደይ አበባ የሚፈነዳበት መስከረም ነበር። እዚህ ግን ምድሩ የሚነቃው መጋቢት ሲያልቅ ነው። በረዶ ሲወርድበት የሞተ የመሰለኝ የጓሮዬ ናና በዚያው ሰሞን ጥፍር የምታህል ሐምራዊ ቡቃያ አወጣ። በየቀኑ ጎንበስ እያልኩ እመለከተው ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከአገር ቤት የመጣልኝን የውሽውሽ ሻይ እንደ ዘወትሩ በቀረፋና በቅርንፉድ አፈላሁት፤ በረዶው ያቀጥነዋል ብዬ ቅጠሉን እጥፍ አደረግሁ፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት። የወጣው ነገር የደፈረሰ ወራጅ ውሃ ይመስላል። ሲቀምሱት ደግሞ ምላስን ጨብጦ ይይዛል። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ጠንካራ ሻይ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ካፌይንና ታኒን እርስ በርስ ተያይዘው ውሃውን ያደፈርሱታል። ታኒን ያ አፍን የሚያደርቀው ነገር ነው፤ በሙቅ ውሃ በብዛት ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ግን በዝግታና በጥቂቱ።

መፍትሔው እሳቱን መተው ሆነ። በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 10 ግራም የሚሆን የሻይ ቅጠል ጨምሬ፣ ከድኜ፣ ለአሥር ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ ሳልጨምቅ፣ በራሱ ጊዜ እንዲንጠባጠብ ትቼ። የሚወርደው ሻይ ጥርት ያለ ነው፤ መልኩ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲያዩት ደስ ያሰኛል። እኔ ሻይ የሚጣፍጠው ሲፈላ ብቻ እንደሆነ አምኜ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጉንጭ ስቀምስ ገረመኝ።

ቅመም ግን በቀዝቃዛ ውሃ እሺ አይልም። ቀረፋው ጆጉ ውስጥ አድሮ ጠዋት እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ ቅመሙን ለብቻው ሽሮፕ አደረግሁት፦ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ስምንት ፍሬ የተሰነጠቀ ሄል፣ በዝግታ እሳት ለአሥር ደቂቃ። ቅርንፉዱን በመጀመሪያ አሥራ ሁለት ፍሬ ጨምሬ የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋኝ ያህል ከንፈሬ ደነዘዘ። አሁን ከአራት አላሳልፍም። ሌላም ነገር አለ፦ ጣፋጩ የሚመዘነው መጠጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በሙቀቱ ልክ የመሰለው ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ይደበዝዛል፣ ሰውም እንደገና ስኳር ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ከባዱ ስህተቴ ልምጣ። በስኳር ፋንታ በማር ብሠራው ብርዝ ብርዝ ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ጥሬ ማር በውሃ በጥብጬ ከሻዩ ጋር በትልቅ ጠርሙስ ሞላሁና፣ ጣዕሙ እንዲዋሐድ ብዬ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ለሦስት ቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስፈታ ፉጨት አሰማ። ከላይ ስስ ዐረፋ አለ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፦ የእናቴ የጠጅ ጥንስስ ሽታ! ጌሾ ስላልገባበት አይፈላም ብዬ ነበር፤ ግን ማር ራሱ እርሾ አለው፣ ውሃ አግኝቶ ከቀጠነና ሙቀት ካገኘ ሥራውን ይጀምራል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። ያንን ጠርሙስ ሳላሸት ለወንድሜ አቅርቤው ቢሆንስ? ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ሆዴ ይርዳል።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ ማር ያለበት ሻይ የሚሠራው በሚጠጣበት ቀን ነው፤ ማር የሌለበትም ቢሆን ከማቀዝቀዣ አይወጣም፣ ከሦስት ቀንም አያልፍም። (ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በፋሲካ ቤት የታቀፈ ሕፃን ስለማይጠፋ ልናገረው።) በመደብርም የዕቃ ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ለማጣፈጫ ልጨምረው ያነሣሁት የቫኒላ ጠብታ 35 በመቶ አልኮል ነው። ኮምቡቻ የሚባለው የሻይ መጠጥም እርሾ ስለሚሠራው ጥቂት አልኮል ይኖረዋል። አንድ ጠብታ ሰው አያሰክርም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን የማቀርብለት ሰው «የለበትም?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑን እያየሁ «የለበትም» ማለት መቻል አለብኝ።

በጾሙ አጋማሽ አንድ ነገር አገኘሁና ፈነጠዝኩ። ጥርት ባለው ሻይ ላይ ግማሽ ሎሚ ስጨምቅ ቡናማው መልክ ዓይኔ እያየ ፈዘዘ፤ በቅጽበት ወርቅማ፣ ቁርጥ ጠጅ ሆነ። የሎሚው ኮምጣጣነት ነው የሻዩን ቀለም የሚያነጣው። ብርሌ አወጣሁ፣ ቀዳሁበት፣ ፎቶ አንሥቼ ለወንድሜ ላክሁለት። «አንተም በብርሌ ትጠጣለህ!» አልኩት።

ወዲያው ደወለ። «እታለም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን ጠጅ የሚመስል ነገር ፊቴ ባታስቀምጪ ደስ ይለኛል። ሻይ ከሆነ ሻይ ይምሰል።»

ዝም አልኩ። አንድ ወር ሙሉ ስለ እሱ ስለፋ አንድ ጊዜ እንኳ እሱን አልጠየቅሁትም ነበር። «ለስላሳውስ ምን ነበረ ችግሩ?» አልኩት በመጨረሻ።

«በሁለት ጉንጭ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ብርጭቆ ይዞ ሲጫወት እጄን የማደርግበት አጣለሁ።»

ከሁሉም ያስተማረኝ ይህ አነጋገሩ ነው። የምፈልገው ጠጅን የሚተካ መልክ ሳይሆን በዝግታ የሚጠጣ መጠጥ መሆኑ ገባኝ። ጣፋጭ ነገር ቶሎ ይጨለጣል፤ የሚጎመዝዝ፣ ትንሽ አፍ የሚያደርቅ፣ ጉሮሮ ላይ የሚያቃጥል ነገር ግን በየጊዜው ፉት እያሉ ያቆዩታል። ስለዚህ ያ መጀመሪያ የሸሸሁት ታኒን በልኩ ተፈላጊ ሆኖ ተመለሰ።

የመጨረሻው መጠጥ እንዲህ ነው። 20 ግራም ከርከዴና አንድ ቁንጥር ጦስኝ በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ለአሥር ደቂቃ እዘፈዝፋለሁ፣ አጠልላለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ። ይህን ማቀዝቀዣ ካደረ ግማሽ ሊትር ጥቁር ሻይ ጋር እቀላቅላለሁ። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ፈቅፍቄ በጨርቅ ጨምቄ ውሃውን እጨምራለሁ፤ ከቅመሙ ሽሮፕ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ። ከርከዴው ራሱ ስለሚኮመጥጥ ሎሚ አያስፈልገውም። ስቀዳ ሁለት እጅ ሻይ፣ አንድ እጅ ጋዝ ያለው ውሃ። ናናውን አልወቅጠውም፤ ሲወቀጥ የሣር ምሬት ያወጣል። በሁለት መዳፌ መሐል አንዴ አጨብጭቤበት መጠጡ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፣ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ጤና አዳም የሚጨምሩ አሉ፤ ደስ ይላል፣ ግን ነፍሰ ጡር እንግዳ ባለችበት ቤት አላስገባውም። ለልጆቹ ጥቁር ሻዩን አስቀርቼ በከርከዴው ብቻ እሠራላቸዋለሁ፤ ከርከዴ ካፌይን የለውም።

በረዶውንም ከዚያው ከሻዩ ሠራሁት። ትርፉን በበረዶ ማውጫው ሞልቼ አቀዘቀዝኩት፣ የፋሲካ ጨዋታ ረጅም ስለሆነ የውሃ በረዶ ከሰዓት በኋላ ላይ ሁሉንም ያቀጥነዋል።

ሚያዝያ 12 ዶሮው ቀርቦ፣ እንቁላሉ ተቆጥሮ፣ ጠጁ በብርሌ ሲቀዳ፣ እኔ ቀዩን ጆግ በወንድሜ ፊት አስቀመጥኩት። ተራ ብርጭቆ ነው፤ ናናው ከላይ ተንሳፍፏል። ፉት አለ፣ ቆየ፣ እንደገና ፉት አለ። አክስታችን ከወዲያ ማዶ አዩትና «ልጄ፣ እሱ ቀዩ ምንድን ነው? እስኪ ለእኔም» አሉ። ተነሥቶ ቀዳላቸው። ከዚያ ጎረቤታቸው ጠየቁ። ወንድሜ ጆጉን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ዘንድሮ ቀጂው እሱ ሆነ፣ ለሚጠይቀውም ስለ ከርከዴው፣ ስለ ዝንጅብሉ፣ አሥር ሰዓት ስለሚያድረው ሻይ እኔ የነገርኩትን ራሱ እንደሠራው አድርጎ ያስረዳል።

ማታ ሲሄድ የቀረውን በጠርሙስ ቀዳሁለት። በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰና ከጓሮው አንድ ዘለላ ናና ቆርጦ ኪሱ ከተተ።