በቀይ የሰረዝኩት መልስ

ሰበታ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሴል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በአንድ የአጋማሽ ፈተና ላይ «ዊ1 የተባለው ፕሮቲን ከሴሉ ቢጠፋ ምን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅሁ። እኔ ያዘጋጀሁት መልስ «ሴሉ በፍጥነት ይባዛል» የሚል ነበር። አንዲት ተማሪ «በቂ ሳያድግ ይከፈላል» ብላ ጻፈች፤ በቀይ ሰረዝኩት።

ወረቀቱን በመለስኩ ዕለት ከክፍል በር ላይ ጠብቃ፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዊ1 ሴሉን የሚይዘው ለምንድን ነው?» አለችኝ። እንዴት እንደሚይዝ በቃሌ አውቃለሁ። ሳይክሊን ቢ የተባለ ፕሮቲን ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ሲዲኬ1 ከተባለው ኢንዛይም ጋር ይጣመራል፤ ሴሉን ወደ ማይቶሲስ፣ ማለትም ወደ መከፈል፣ የሚያስገባውም ይህ ጥምረት ነው። ዊ1 በሲዲኬ1 15ኛ አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት የተባለ ኬሚካል ለጥፎ ያስረዋል፤ ሲዲሲ25 የተባለው ሌላ ኢንዛይም ፎስፌቱን አንስቶ ይፈታዋል። ለምን እንደሚታሰር ግን አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም።

ማታ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። እንግሊዛዊው ባዮሎጂስት ፖል ነርስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስኮትላንዷ ኤድንብራ ከተማ ያጠናው፣ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ የሚራባ እርሾ ነበር። (የእርሾው መጠሪያ «ፖምቤ» በስዋሂሊ ከእኛ ጠላ ጋር የሚቀራረብ መጠጥ ስም ነው፤ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ደስ ይለኛል።) ዊ1 የተበላሸበት እርሾ ግማሽ ያህል ብቻ አድጎ ይከፈላል፤ የመባዛት ፍጥነቱ ግን ብዙም አይለወጥም። «ዊ» በስኮትላንዶች አነጋገር ትንሽ ማለት ነው። ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ስም መልሱን ይዞ ነበር። ደነገጥኩ።

በማግስቱ መሳሳቴን ለክፍሉ ሁሉ ተናገርኩ፤ ነጥቡንም አስተካከልኩ። ከዚያ መናኸሪያውን ምሳሌ አደረግሁላቸው፦ መኪናው ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ተራ አስከባሪው ግን አልለቀቀውም። ሴሉም ዲኤንኤው ከተጎዳ ሲዲሲ25 ይታገዳል፤ እስኪጠገን ድረስ ሲዲኬ1 እንደታሰረ ይቆያል። ሳይጠገን ቢከፈል ጉዳቱን ለልጆቹ ያወርሳል።

ያችው ተማሪ እጇን አወጣች። «ሲዲሲ25ንስ የሚያነቃው ማን ነው?»

ዋናው እሱ ራሱ ሲዲኬ1 ነው። መጀመሪያ የተፈታው ጥቂት ሲዲኬ1፣ ሲዲሲ25ን ያበረታል፣ ዊ1ን ያዳክማል፤ የቀረውም ተከታትሎ በአንድ ጊዜ ይፈታል። ቀስቶቹን ሰሌዳው ላይ እየሳልኩ ደወሉ ተደወለ፤ ሥዕሉን ሳንጨርስ አልወጣንም።