አራት ጊዜ ጫንኩት፣ አራቴ ወይ ፍንክች አለ

ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አራት ጊዜ ጫንኩት። አራቱንም ጊዜ መጫኛው «ተጠናቋል፣ ፍላሹን ነቅለህ አስነሳው» አለኝ። አራቱንም ጊዜ ነቅዬ አስነሳሁ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ጠበቀችኝ፤ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ»። የሚነሳ ነገር አላገኘሁም ማለቱ ነው። ሁለት ሌሊት አነጋሁበት። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ባክአፕ ያዝኩ፣ የመጫኛውን ፋይል (አይኤስኦውን) አወረድኩ፣ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቼክሰም አመሳከርኩ፣ ፍላሽ ላይ ጻፍኩት።

ጣጣው የመጣው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ስገባ ነው። የያዝኩት መመሪያ «ሴኪዩር ቡትን አጥፋ፣ ሌጋሲን አብራ» ይላል። ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል ጥበቃ ነው፤ ሌጋሲ ደግሞ አሮጌው የማስነሻ መንገድ። መመሪያው ለምን እንደሆነ አይናገርም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የማስነሻ ዝርዝሩን ስከፍት ያ አንድ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፏል። አንዱ ጋ ስሙ ብቻ፤ ሌላው ጋ ከስሙ ፊት «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለ። ያው አንድ ፍላሽ አይደል ብዬ የላይኛውን ተጫንኩ። ሁለቱን ሌሊት የበላችው ያቺ ናት።

ለካ ሁለቱ መስመሮች ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በአሮጌው በሌጋሲ መንገድ ኮምፒውተሩ የዲስኩን መጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ እዚያ ያገኘውን ኮድ ያስኬዳል። በአዲሱ በዩኢኤፍአይ ግን የሚፈልገው ፋይል ነው፤ ፋይሉም የሚቀመጠው በፋት32 ፎርማት በተደረገ ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ውስጥ ነው። መጫኛው ደግሞ እሱ ራሱ በተነሳበት መንገድ ይጭናል። በሌጋሲ አስነሳሁት፣ ለሌጋሲ ጫነልኝ። የእኔ ዲስክ ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱና ፈጣኑ ዓይነት ነው። ብዙ ማሽኖች ፍላሽን በሌጋሲ ያስነሳሉ፣ ኤንቪኤምኢን ግን አያስነሱም። የእኔም ከእነዚያ አንዱ ነው። ሊኑክሱ ዲስኩን አይቶ ይጽፍበታል፤ ባዮሱ ግን ለማስነሳት ሲፈልገው ጭራሽ አያየውም።

ይህን ሳላውቅ ምን ያላደረግኩት አለ? ፍላሽ ቀየርኩ። አይኤስኦውን እንደገና አወረድኩ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ አማሁት። ለሌጋሲው ግራብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የምትሆን 1 ሜጋባይት ፓርቲሽን እንኳ በእጄ ሠርቼለታለሁ። እሷን ስሠራ «ይሄ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ ያኔ ይገለጥልኝ ነበር። «እምቢ ካለ እንደገና ጫኑት» የሚሉትን አትስሙ። እንደገና መጫን ያንኑ ስህተት በጥንቃቄ መድገም ነው።

አምስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ሳይጫን ከፍላሹ ላይ በሚሠራው ላይቭ ሊኑክስ ተነስቼ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፈትኩ። ሲስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ፈርምዌር የሚባል ፎልደር አለ፤ በእሱ ስር «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ተነስታችኋል። ከሌለ በሌጋሲ ነው። እኔ ጋ የለም። ለደቂቃ ያህል ዝም ብዬ ስክሪኑን አየሁት። ከመጫናችሁ በፊት ይህችን እዩ፤ አምስት ሰከንድ ነው።

እልህ ስለያዘኝ እንደገና አልጫንኩም። ሌጋሲን አጠፋሁ፣ ፍላሹን «ዩኢኤፍአይ» በሚለው አስነሳሁ። ስዋፑን (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ክፋይ) ሰውቼ በቦታው 512 ሜጋባይት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ሠራሁ። በሲኤች-ሩት ትእዛዝ ከፍላሹ ወደተጫነው ሲስተም ገብቼ የዩኢኤፍአዩን ግራብ ልጭን ስል «ኢኤፍአይ ቫሪያብልስ አይደገፉም» አለኝ። እዚህም ሌላ ሰዓት ሄደ። ሲስን ወደ ውስጥ ማውንት አድርጌያለሁ (አያይዤዋለሁ)፤ በውስጡ ያለው፣ የማስነሻ ቅንብሮቹ የሚገኙበት ኢኤፍአይቫርስ ግን ለብቻው ማውንት መደረግ አለበት። እሱን ሳስገባው በአንድ ትንፋሽ ተጫነ፤ «ኖ ኤረር ሪፖርትድ»። የግራብን ዝርዝር በድጋሚ አስወጣሁና አስነሳሁት።

የግራብ ሜኑ መጣ! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቀይ ኮከቦች ወዲያ ወዲህ እያሉ ስክሪኑ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። የሚጠብቀው እኔው በእጄ ያጠፋሁትን ስዋፕ ነው። ሲስተሙ ሲነሳ የሚያያዙት ክፋዮች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ የስዋፑን መስመር ረስቼዋለሁ። ለዚህኛው የማማው ሰው የለኝም። መስመሩን ሰረዝኩ፣ ቆጠራው ቀረ።

በመጨረሻ ሴኪዩር ቡትን መልሼ አበራሁት። ዴቢያን ከ2019ኙ ከ10ኛው እትም ጀምሮ ይደግፈዋል፤ ያለ ምንም ማንገራገር ተነሳ። መመሪያው አሁንም «አጥፋ» ይላል።