በወጨፎ የተተከለ ድንኳን

የምሠራው ከባሕር ዳር እየተነሣ ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞችን የውኃ ከፍታና ይዘውት የሚወርዱትን የደለል መጠን በሚለካ ቡድን ውስጥ ነው። በጣና ዙሪያ የክረምቱ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ወደ ማታ ስለሚበረታ፣ ወንዞቹ ሞልተው እጅግ የደፈረሰውን ውኃ የሚያወርዱት ሌሊት ነው። ጠዋት ደርሶ ናሙና የሚቀዳ ሰው የጎርፉን ዱካ እንጂ ጎርፉን አያገኝም። ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ድረስ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በተመደቡበት ቦታ፣ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው ብቻቸውን ያድራሉ፤ በየሁለት ሰዓቱ እየተነሡም የውኃውን ከፍታ አንብበው፣ በጠርሙስ ናሙና ቀድተው በደብተር ይመዘግባሉ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለእነዚህ ባልደረቦቼ የአንድ ሰው ድንኳን መርጦ የማስመጣቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። እስከዚያ ድረስ የምንጠቀምበት ለአራት ሰው የተሠራ የወፍራም ሸራ ድንኳን ነበር፤ ደረቁን አሥራ አንድ ኪሎ ይመዝናል፣ ዝናብ ሲጠጣ ግን አንድ ሰው ብቻውን አያነሣውም። ከወረታው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጉማራ ወንዝ መግቢያ የሚወስደው መንገድ በክረምት መኪና ስለማያስኬድ፣ ሠራተኛው ያለውን ሁሉ በጀርባው አዝሎ በሩዝ ማሳዎች መካከል ጭቃውን እያቋረጠ ይጓዛል፤ ሲመለስ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሃያ አራት የናሙና ጠርሙሶች፣ ማለትም አሥራ ሁለት ኪሎ ውኃ ይጨመርበታል። ክብደት መቀነስ ለእኛ ቅንጦት አልነበረም። እኔም ምርጫውን ስጀምር መጀመሪያም መጨረሻም ያየሁት የሚዛኑን ቁጥር ነበር።

የመረጥሁት ድንኳን አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይመዝናል። ሦስቱን ከውጭ አገር በሚመጣ ሰው እጅ አስመጣንና በግንቦት ወር በመሥሪያ ቤታችን ግቢ፣ በደረቅ ሣር ላይ ሞከርናቸው። አተካከሉ ቀላል ነበር፤ መጀመሪያ ወለል ያለው ውስጠኛው የመረብ ክፍል ይዘረጋል፣ ከዚያ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ዘንጎች ተቀጥለው ይወጠራሉ፣ መረቡ ዘንጎቹ ላይ ይንጠለጠላል፣ በመጨረሻም ዝናብ የሚከላከለው ውጪኛው ሸራ ከላይ ይደረባል። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከቧንቧ ውኃ ስበን ለብዙ ጊዜ ረጨንበት፤ ጠብታ አላስገባም። ሁላችንም ደስ ብሎን ፈርመን ተረከብን። ውኃ የረጨነው ግን ድንኳኑ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ነበር። ውኃ ከላይ እየወረደ እንትከለው ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፤ ማሰብ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርሁ።

በሐምሌ አጋማሽ ላይ የቡድናችንን ታናሽ ባልደረባ ጉማራ ዳር አድርሼው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ተለየሁት። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ እርሱም ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት የመለኪያውን ዘንግ ማየት እንዳለበት ነግሬው ስለነበር ወደ ወንዙ ወረደ። ሲመለስ ዝናቡ ከነፋስ ጋር ደረሰበት። ያልተሸፈነውን የመረብ ክፍል ዘርግቶ ዘንጎቹን እስኪቀጣጥል ድረስ ወጨፎው በመረቡ በኩል እየገባ ወለሉን ሞላው፤ ወለሉ ከታች ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ከላይ የገባውንም አያስወጣም፤ እንደ ገበቴ ይዞ አስቀመጠው። ውጪኛውን ሸራ ደርቦ ካስማዎቹን ሲተክል አንዱን ሲያጠብቅ ሌላው ይነቀልበታል። በዚያ ሁኔታ ውስጡን በፎጣ እየጠረገ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ፤ ከዚያም ነፋሱ በጣና በኩል ዞሮ ሲመጣ አንዱ ጎን ተነቅሎ ሸራው ፊቱ ላይ ወደቀ። ወንዙ ሞልቶ የሌሊቱን ከፍተኛ ደረጃ የነካው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ እንደነበረ የሚያስታውሰው፣ በአንድ እጁ ሸራውን ይዞ በሌላው ጠርሙስ እየቀዳ ስለነበር ነው።

ጠዋት ስደርስ ጋቢው ከነውኃው በትከሻው ላይ ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። የጣና ዳርቻ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለ ስለሆነ፣ የክረምት ሌሊት እርጥብ ልብስ ለለበሰ ሰው ቀላል አይደለም። «ጋሼ፣ ጠርሙሶቹ ሁሉም አሉ፤ ደብተሩን ግን ላድነው አልቻልሁም» አለኝ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ ፈስሶ ሰማያዊ ዕድፍ ሆኖ ነበር፤ ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው የሰዓት ምልክትም በውኃ ተነቅሎ ወድቋል። የትኛው ጠርሙስ በየትኛው ሰዓት እንደተቀዳ የሚያውቅ ስለሌለ ሃያ አራቱም ጠርሙሶች ጥቅም አልነበራቸውም። አንድ ወንዝ በዓመት ከሚያወርደው ደለል ብዙው የሚወርደው በጥቂት የጎርፍ ሌሊቶች ነው፤ የጠፋብን ከእነዚያ አንዱ ነበር፤ ያ ሌሊት ደግሞ ተመልሶ አይለካም።

እርሱን ልብሱን እንዲያደርቅና እንዲተኛ ወደ ወረታ ላክሁትና ሌሊቱን እኔ በእርሱ ድንኳን ውስጥ ለማደር ወሰንሁ። ጥፋቱን ለማካካስ አልነበረም፤ ያንን ድንኳን የመረጥሁት ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ሳላድርበት መቅረቴ ትክክል ስላልመሰለኝ ነው።

ቀን ላይ ካስማዎቹን ስመለከት በአቅራቢያው ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት መጥተው ቆሙ። ካስማዎቹ እንደ እርሳስ የቀጠኑ፣ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞሉ ነበሩ። አባ አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ያለ ምንም ኃይል ነቀሉት። «ልጄ፣ ይህ ለድንጋያም አገር ነው። የእኛ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ገንፎ ነው። ገንፎ ላይ መርፌ ይቆማል?» አሉኝ። ከዚያም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ክንድ የሚያህል ቆርጠው ጫፉን በገጀራ ጠርበው ሰጡኝ። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ሲረጥብ የሚያብጥና የሚለሰልስ በመሆኑ፣ የሚይዘው ሰፊ ገጽና ረዥም አካል ያለውን ካስማ ብቻ ነው። አባ ስምንት ያህል ጠረቡልኝ፤ ነፋስ በሚበረታበት በጣና በኩል ደግሞ እንጨቱን አጋድመን፣ አውታሩን መሐሉ ላይ አስረን፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነውና በእግራችን ረገጥነው። ያኛው ሌሊቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለም። ከእነዚያ አባት ወዲህ አምራቹ ከድንኳን ጋር አስሮ የሚልከውን ካስማ ከእነ ከረጢቱ ቢሮ ትተን እንሄዳለን፤ ከቦታው የሚቆረጥ እንጨት ተሸክመን የማንሄደው ክብደት ነውና።

ሌሊቱን በተመለከተ ሦስት ነገር ታዘብሁ። የመጀመሪያው፣ ማታ እንደ ከበሮ የወጠርሁት ሸራ ከሁለት ሰዓት ዝናብ በኋላ ረግቦ መረቡን ነካ፤ ናይለን ውኃ ሲጠጣ ስለሚረዝም ነው፤ በተነካካበት ቦታ ሁሉ እርጥበቱ ወደ ውስጥ ተሻገረ። ሁለተኛው፣ ዝናቡ እንዳይገባ ብዬ የአየር መግቢያውን ሁሉ ስለዘጋሁ ትንፋሼ በሸራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ተቋጠረ፤ ሲነጋጋ ድንኳኑ የሚያፈስስ መስሎኝ ስፌቱን ሁሉ በባትሪ ፈተሽሁ፤ ያፈሰሰው ግን ድንኳኑ ሳይሆን የራሴ ትንፋሽ ነበር። ሦስተኛው ወለሉ ነው። ለመነሣት በጉልበቴ በተንበረከክሁ ቁጥር ከታች ያለው ውኃ በጨርቁ ውስጥ እየሰረገ ይወጣ ነበር። ድንኳን ሠሪዎች የጨርቅን ውኃ የመቋቋም አቅም በሚሊ ሜትር ይጽፋሉ፤ ይህም ጨርቁ ማስረግ ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ከፍታ ያለውን የውኃ ዓምድ እንደሚችል ያሳያል። የእኛው ድንኳን ወለል 1,200 ሚሊ ሜትር ነበር። ለጣሪያ ያ ቁጥር ምናልባት ያዘልቅ ይሆናል፤ በጨቀየ መሬት ላይ የሰው ጉልበት ለሚጫነው ወለል ግን አይበቃም።

በሁለተኛው ምርጫ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄዬ የድንኳኑ ክብደት ሳይሆን በዝናብ ውስጥ ሲተከል መጀመሪያ የሚቆመው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነበር። ውጪኛው ሸራ አስቀድሞ የሚቆምበት፣ ወይም ሁለቱ እንደተያያዙ አብረው የሚነሡበት ድንኳን ከሆነ ሰውዬው ጣሪያ ሥር ገብቶ በደረቅ እጁ የቀረውን ይሠራል፤ ሲያፈርስም ውስጡን ሳያረጥብ አጥፎ ከረጢት ይከትታል። ይህንን የሚያሟላው ያገኘሁት ድንኳን አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም ነበር። አምስት መቶ ግራም ጨመረብን፤ አንድ የናሙና ጠርሙስ ማለት ነው። ጨርቁ ሲረጥብ ብዙም የማይረግብ ፖሊስተር፣ ወለሉም 5,000 ሚሊ ሜትር የሚችል ነው።

ከዚህ በጣም የቀለሉም ነበሩ። በእግር ጉዞ ምርኩዝ የሚቆሙት፣ የራሳቸው ዘንግ የሌላቸው ድንኳኖች አንድ ኪሎ እንኳ አይሞሉም፤ ብዙ ጊዜም አሰብሁባቸው። ነገር ግን እነርሱ የሚቆሙት ሙሉ በሙሉ በካስማ ውጥረት ነው፤ አንዱ ካስማ ሲለቅ ቤቱ ሁሉ ይወድቃል፤ ለፎገራ አፈር እንዲህ ያለውን አደራ መስጠት አልፈለግሁም። ወለልም መረብም የሌለው አንድ ጣሪያ ብቻ ከሁሉ ይቀላል፤ ይሁን እንጂ የጣና ዳርቻ የወባ አገር ነው፤ ያለ መረብ ሠራተኛ ማሳደር በሕሊናዬ አይፈቀድልኝም። ሌላው የማልደራደርበት የደጃፉ መጠለያ ነው፤ ከመረቡ ውጪ ግን ከሸራው ሥር ጭቃ የነካው ጫማና የናሙና ሣጥን የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል። እሳት ግን እዚያም ሆነ ውስጥ ፈጽሞ አይነድም፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሰል ወይም ቡታጋዝ ማንደድ ሰው ይገድላልና።

ስለ መትከያው ቦታ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ ለእኛ የሚበቃን ጥቂት ነው። የጣና ውኃ ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ሰኔ ላይ ደረቅ የነበረ ዳርቻ ነሐሴ ላይ ውኃ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀውን ጎርፍ የሚያስታውሱ የአካባቢው ሰዎች የትኛው ጉብታ እንዳልተዋጠ በጣታቸው ያሳያሉ፤ እኛም የምንተክለው እነርሱን ጠይቀን ነው። ጉማሬ በሌሊት ለግጦሽ ከውኃ ስለሚወጣ፣ በደንገሉ መካከል የተረገጠ ሰፊ መንገድ ያለበትን ቦታ እንሸሻለን። ብቻውን በቆመ ዋርካ ወይም ሾላ ሥር፣ ጥላው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መብረቅ ባለበት ወራት አናድርም።

አዲሶቹ ድንኳኖች ሲመጡ ሙከራውን ሰኔ ላይ፣ ዶፍ እስኪወርድ ጠብቀን፣ በዚያው በግቢያችን አደረግነው። ታናሹ ባልደረባችን ብቻውን ተከለው፤ ሌሎቻችን በረንዳ ላይ ቆመን ሰዓት ያዝን። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት፤ ከበፊቱ ከእጥፍ በላይ ረዘመ። ሲጨርስ ገብቼ ወለሉን በመዳፌ ዳሰስሁት፤ ደረቅ ነበር። የስፌቱን መስመሮች በየዓመቱ ግንቦት ላይ እኔ ራሴ እፈትሻለሁ፤ ከመስክ ሲመለሱም ማንም እርጥብ ድንኳን ወደ መጋዘን እንዳያስገባ በሩ ላይ ጽፈናል። አንድ ጊዜ እርጥቡን ታጥፎ የከረመ ድንኳን ታኅሣሥ ላይ ስንከፍተው የውስጥ ቅቡ እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ተላጠ፤ ያንን መልሶ የሚጠግን ነገር የለም።

ባለፈው ነሐሴ ጉማራ እንደገና ሌሊት ሞላ። ያው ባልደረባዬ ነበር ያደረው፤ ዝናቡም የጀመረው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነው። ጠዋት ስደርስ የእንጨት ካስማዎቹን እየነቀለ አገኘሁትና ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥሁ። አሁን በእርሳስ ነው የሚጽፈው። የስምንት ሰዓቱ ንባብ፣ የዐሥር ሰዓቱም፣ ከነጠርሙስ ቁጥራቸው በየመስመራቸው ተቀምጠዋል፤ በገጹ ጠርዝ ላይ ከጣቱ የቀረ የጭቃ ምልክት ብቻ አለ።