ከቤዝመንቷ መስኮት በታች

ዛሬ ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስገባ የአኳሪየሙ፣ የመስታወት ዓሣ ገንዳዬ፣ መብራት በርቶ ጠበቀኝ። ታይመሩን የሞላሁት ለጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቱ ቁጭ አልኩ። ከተተከለ አራት ወር ሞላው።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። አንዲት ጠባብ መስኮት አለችኝ፤ በእሷም የሚታየኝ የመንገደኛ እግር ነው። ሁለት ጊዜ የቤት ውስጥ አበባ ገዛሁ፤ ሁለቱም በብርሃን እጦት ጠወለጉ። ሌሊት እየሠራሁ ቀን ስለምተኛ፣ በበረዶው ወራት ፀሐይ ሳላይ ሳምንት ያልፋል። ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ደብዛዛ ብርሃን ላይ የሚያድጉ የውኃ ውስጥ ተክሎች እንዳሉ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስትነግረኝ፣ የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መጀመሪያ ግን ተሳስቻለሁ። ገንዳውን በገዛሁ ማግስት ስድስት ዓሣ አስገባሁ። ሻጩ ችግር የለውም ብሎኛል። እኔም እንደ አገር ቤት ልማዴ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ ብዬ ውኃውን በባልዲ አሳድሬዋለሁ። በስምንተኛው ቀን አንድም አልቀረም። የመጨረሻዋ ከውኃው ፊት ወጥታ አፏን እየከፈተች አየር ትምግ ነበር። ስንጥቧ ደም መስሏል። እጄ ላይ ነው የሞተችው ማለት ይቻላል። ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ለካ የዲሲ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ የተጣመሩበት። ጸደይ ላይ ቧንቧውን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይመልሱታል እንጂ፣ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ክሎራሚን ነው። ክሎሪን ሲያድር ይተናል። ክሎራሚን ግን በአንድ ሌሊት አይለቅም፤ ማርከሻ ጠብ ሊደረግበት ይገባል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ናይትሬቱን ተክሎቹ ይመገቡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎቹ ገና አልበዙም። እስኪበዙ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ሳላውቅ ነው ስድስት ነፍስ ያጠፋሁት።

በሁለተኛው ዙር አልቸኮልኩም። ገንዳው 20 ጋሎን ነው፣ ወደ 75 ሊትር። ውኃው ብቻውን 75 ኪሎ ስለሚመዝን ከወለሉ ብዙም ከፍ አላደረግኩትም። አሸዋውን ልክ እንደ ሩዝ፣ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሜ አጠብኩት። ቀጥሎ አኑቢያስ። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ነው። የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ሲሆን በጫካ ጅረቶች ዳር፣ ጥላ ውስጥ ይበቅላል። ስሙ የተወሰደው ከአኑቢስ፣ ከጥንት ግብፆች የሙታን አምላክ ነው። አግድም የሚሄደው ግንዱ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ስለዚህ በጥቁር የስፌት ክር ከእንጨት ጉማጅ ጋር አሰርኩት። ጃቫ ፈርን የተባለውንም ተክል እንደዚያው።

ክሪፕቶኮራይን የተባለው ተክል ግን አስደነገጠኝ። በተተከለ በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸ። ነቅዬ ልጥለው እጄን ካስገባሁ በኋላ ተውኩት። ሥሩ ሕይወት እንዳለው አንብቤ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከአሸዋው ውስጥ የጥፍሬን ታህል ቡናማ ቅጠል ብቅ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን አያያትም፤ እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ አሥር ጊዜ ያህል ፎቶ አነሳኋት።

መብራቱ በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚበራው። ትንሽ ልጨምርለት የሚል ሐሳብ በየቀኑ ይመጣል። ብርሃን ሲበዛ ግን ቀድሞ የሚጠቀመው አልጌ ነው፤ እነዚህ ተክሎች ዝግተኞች ስለሆኑ አይደርሱበትም። ብዙ ሰው ደብዛዛ ብርሃንን እንደ ጉድለት ያየዋል። እኔ አላየውም። አሁን ያሉኝ ስምንት ኒዮን ቴትራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ዘራቸው ከአማዞን ነው፤ ውኃው ጠቆር ካለ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ከሚሄድ ወንዝ። ኃይለኛ መብራት ሲያገኛቸው ይደበቃሉ። እዚህ ግን ጎናቸው ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ክብሪት የተጫረ ያህል ያበራል።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ቫሊስኔሪያን ነው። እንደ ሪባን የረዘመ ሣር ነው። ሎንዶን ውስጥ ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት በ1850 አካባቢ ባዘጋጀው ገንዳ ውስጥ የተከለው ይኸንኑ ነበር፣ ከሁለት ወርቃማ ዓሦች ጋር። የሚበሰብሰው ቅጠል ውኃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረበትና ጠራለት። እኔም ሦስት ቀንድ አውጣ አስገብቻለሁ።

ለእኔ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከወር በፊት አጎቴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" ብዬ ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠጋሁት። ዝም ብሎ አየ። "ይሄንማ አውቀዋለሁ" አለ። "መረብ ላይ የሚጠመጠመው ሣር ነው። ስንት ዘመን ስለቅመው ኖሬ፣ አንቺ በገንዘብ ገዛሽው?"

ሳጣራ እውነቱን ነው። ቫሊስኔሪያ ጣና ውስጥ ይበቅላል። ልጅ ሆኜ ሐይቁ ዳር ስንዋኝ እግሬን ሲነካኝ እየጮህኩ የምሸሸው ሣር ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ያን ቀን ብዙ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ከእናቲቱ ቫሊስኔሪያ ሥር የወጣ ነጭ ሐረግ በመስታወቱ በኩል ሲሄድ አየሁ። ጫፉ ላይ ሦስተኛዋ ቡቃያ አለች፤ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም። ፎቶውን ለጋሼ ላክሁለት። ወዲያው በድምፅ መለሰ።

"ውኃው ስንት ክንድ ነው?"

"አንድ ክንድ አይሞላም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ቅጠሉ የውኃው ፊት ላይ ሲደርስ ይተኛል። አይክፋሽ፣ አትቁረጪው። ዓሣ ከሥሩ መጠለል ይወዳል።"

ቀና ብዬ አየሁ። የእናቲቱ ሁለት ቅጠሎች የውኃው ፊት ላይ ተጋድመዋል። ኒዮኖቹ ከሥራቸው ናቸው።